ኑግ የጠጣው ቦኮላ

ዝናሽ ቂሟን እንደ ልጇ ነው ያሳደገችው። እየሩሳሌም ጥርስ ስታወጣ ቂሙም ጥርስ አወጣ፤ እየሩሳሌም ድክ ድክ ስትል ቂሙም በዚያች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ድክ ድክ አለ። ባሏ ሳምሶን ከጥበቃ ሥራው ሲገባ ጫማውን እያወለቀ፣ «ዛሬም ስለሱ ነው? ሁለተኛ ልጅ ያለን እኮ ነው የሚመስለው» ይላታል። እሷም ሳትስቅ፣ «አዎ አለን፤ ስሙም ፍቅሩ ይባላል» ትለዋለች።

ፍቅሩ ደብረ ብርሃን ውስጥ የቤት ማሽን በመጠገን ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ነው። የስፌት መኪና በሉት፣ የልብስ ማጠቢያ በሉት፣ የጭማቂ መፍጫ በሉት፣ ብቻ በቤት ውስጥ የሚዞርና የሚንጫጫ ነገር ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነው። ዝናሽ የጫጫ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር፣ ደብረ ብርሃን አክስቷ ቤት መጣችና እሱ ጋ ሥራ አገኘች። የቀጠራት ለጣቶቿ ሲል ነው። የሱ ጣቶች ሙዝ ያክላሉ፤ የሷ ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። በመጀመሪያው ቀን እጇን ገልብጦ አየና፣ «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ጣትሽ ካለኝ መፍቻ ሁሉ ይበልጣል» አላት። ከአፉ የወጣ እውነት ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

የስፌት መኪና ክንዱ ውስጥ፣ ከውጭ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ቦኮላ የሚሉት የነሐስ ቀለበት አለ። ትልቁ ዘንግ የሚዞረው በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። ቦኮላ እንደ ኩሽኔታ የሚንከባለል ኳስ የለውም፤ ብረቱ በቀጥታ በነሐሱ ላይ ይንሸራተታል፣ መካከላቸው ያለችው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ናት። እሷ ከጠፋች መኪናው መጀመሪያ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ይከብዳል፣ በመጨረሻ ይነክሳል፤ ከነከሰ ዝሆን ቢረግጠው አይዞርም። ከፊት ያለውን ቦኮላ ማንም ዘይት ያጠጣዋል። የመሐሉን ለማግኘት ግን ከጀርባ ያለችውን ክብ ክዳን ፈትቶ፣ ትንሿን ጣት አጥፎ አስገብቶ፣ በዳበሳ መፈለግ ነው። ይህን የምትሠራው ዝናሽ ነበረች። ደንበኛ ሲገባ ግን ፍቅሩ መፍቻውን ያነሳና፣ «ይቺ ባትሪ የምታበራልኝ ልጅ ናት» ይላል። ይህንንም ችላው ነበር። ቂሙ የመጣው ከዚህ አይደለም።

አምና ኅዳር፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ እማማ አመተ ማርያም አስጠሯቸው። እማማ አመተ ማርያም የሰፈሩን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራንና የዲያቆናት ልብስ የሚሰፉ መበለት ናቸው። በእግር የሚረገጠውን መኪናቸውን የወረሱት ከእናታቸው ነው። ዘይት የሚጠጣበት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ከበሩ ላይ አስጠነቀቁ።

«ያ የሱቁ ዘይት ከምን እንደተሠራ ማን ያውቃል? የከብት ስብ ቢኖርበትስ? በጾም እሱን በነካ እጄ የቤተ ክርስቲያን ልብስ አልነካም።»

ዝናሽ የመኪና ዘይት ከመሬት ውስጥ የሚወጣ እንጂ ከከብት እንዳልሆነ ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ፍቅሩ ቀደማት። «ምንም አያስቡ እማማ። ከዕፅዋት የተሠራ ልዩ ዘይት አለኝ። የጾም ነው።»

ልዩ ዘይት የሚባል ነገር አልነበረውም። ሱቁ ተመልሶ፣ ዝናሽ በዓይኗ እያየች፣ የኑግ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቀዳ። ሽታው እንዳይለይና እንዲቀጥን ላምባ ጨመረበት። ፕላስተር ለጥፎም በራሱ የተንጋደደ ጽሑፍ «የጾም» ብሎ ጻፈበት።

«ጋሽ ፍቅሩ፣ ኑግ እኮ ይደርቃል» አለችው። «እናቴ ቤት የኑግ ጠርሙስ አንገቱ ሙጫ ነው የሚሆነው። ቦኮላው ውስጥ ቢደርቅስ?»

«ዘይት ዘይት ነው። አንቺ ባትሪሽን አብሪ።»

እማማ ቤት ተመልሰው ባትሪዋን አበራች። እሱ በላይኛው ቀዳዳ በኩል ኑጉን አንጠባጠበ። ዝናሽ ልጇን ልታጠባ ቀድማ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት የሆነውን አላየችም።

ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር ገባ፣ ውርጩ በረታ። ጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው የእማማ አመተ ማርያም መኪና ነከሰ። ልብሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ተሰፍቶ፣ ግማሹ በመርፌ ተይዞ ቀረ። የመዘምራኑ እኩሌታ በአሮጌ ልብስ ወጡ። በማግስቱ እማማ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ፍቅሩ ተጠራ። ገባ፣ ዘንጉን የሚያዞረውን የጎን ጎማ በሁለት እጁ ሞከረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ዝናሽን ባገጩ አመለከተ።

«እኔ ንጹሕ ዘይት አጠጥቼ ነው የሄድኩት። ይቺ ልጅ ያን ቀን ቀድማኝ ነው የከፈተችው፤ ምን እንደነካካችበት አላውቅም። እጇ ከባድ ነው። ማሽን ይገድላል።»

«ኑግ ነው ያደረገበት!» አለች ዝናሽ። «ኑግ በላምባ!»

«ኑግ?» አለ ፍቅሩ ወደ ሴቶቹ ዞሮ። «ምን ልሠራ፣ ሽሮ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እማማ አመተ ማርያም እንኳ እንባቸውን እየጠረጉ ፈገግ አሉ። ያ ሳቅ ነው ቂሙን የወለደው።

በሰፈሩ የስፌት መኪና ያላቸው አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው። ፍቅሩ በሳምንት ውስጥ አሥራ አንዱንም አዳረሰ። «አባርሬያታለሁ፤ ብትመጣ እንዳታስነኳት» እያለ። ከዚያ ወዲህ ዝናሽን የሚጠራት ጠፋ። ግድግዳ የምትጋራት፣ ልጅ ወልዳ በተኛች ጊዜ ገንፎ ያገነፋችላት አልታየች እንኳ፣ ስታያት መጋረጃዋን መሳብ ጀመረች። ዝናሽ የምታውቀው ሥራ አንድ ነው። እሱም በዚያ ሰፈር ሞተ። ስሟ ካልተመለሰ እጇም ወደ ሥራው አይመለስም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ ፍቅሩ ስሟን ባጠፋበት አፉ፣ ባጠፋበት ደጅ ቆሞ፣ እኔ ነኝ እንዲል።

መጀመሪያ ያሰበችው ቀላሉን ነበር። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ መወርወር። ዘይቱ ውስጥ አሸዋ መጨመር። ሳምሶን ሰማትና፣ «ዝኑ፣ እኔ የሰው ንብረት ስጠብቅ ውዬ አንቺን ከጣቢያ ላስፈታ ነው?» አላት። ተወችው። ከቁራሌው ሰውዬ ቂጡ በተበሳ ድስት የተጣለ የስፌት መኪና ራስ ለወጠች። አንዱን ቦኮላ ኑግ በላምባ አጠጣችው፣ ሌላውን የመኪና ዘይት። መስኮቱ ላይ ውርጭ እንዲመታው አስቀምጣ በየሁለት ቀኑ በጣቷ ታዞረው ጀመር። ላምባው ቶሎ ተነነ። በሦስተኛው ሳምንት የኑጉ ቦኮላ እንደ ማር ያዘ፣ በአምስተኛው ነከሰ። የዘይቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ይዞራል። ዝናሽ ያን ጠዋት እየሩሳሌምን አቅፋ ቤቱን ሁለቴ ዞረችው። ደስታ አልነበረም፤ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

ጣቷ የማይገባበት ቦታ ዘይት ማድረስንም በዚያው ሰሞን ተማረች። የጥጥ ፈትል ዘይት አጠጥታ፣ ጫፉን በሽቦ እየገፋች ቦኮላው አፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ከላይ ጠብ ስታደርግ ዘይቱ በፈትሉ ላይ ወርዶ እቦታው ይደርሳል። አይዝረከረክም፣ ጨርቅ አያበላሽም።

ሰፈሯ ባይከፍትላት ሚኒባስ ተሳፍራ ጎረቤላ ገበያ ወጣች። እዚያ በረንዳ ላይ ከሚሰፉት አንዷ ኩብራ ናት፤ ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥታ የምትመጣ አንደበተ ስለታም ሴት። ዝናሽ መኪናዋን ከፍታ በፈትል ስታጠጣላት ኩብራ ጎንበስ ብላ አየች። ጎማውን በአንድ ጣት ስታስነካው ለብቻው ዞረ።

«ማሻአላህ! ይኼን ይዘሽ ነው ደብረ ብርሃን ሥራ የጠፋብሽ?»

ዝናሽ ነገረቻት። ኩብራ መቀሷን አስቀመጠች።

«ወላሂ እኔ ብሆን ሰውዬውን እዚያው መኪና ላይ እሰፋው ነበር። ለመሆኑ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማስረጃው አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ የእማማ መኪና ክንድ ውስጥ፣ መሐለኛው ቦኮላ ላይ። ያን ጊዜ ላምባ አፍስሶ በግድ አላቀቀው እንጂ፣ የሱ ጣት እዚያ ስለማይደርስ አላጸዳውም። እንደገና እስኪነክስ እጠብቃለሁ።»

«አንቺስ ጤነኛ አይደለሽም» አለች ኩብራ በአድናቆት።

ዘንድሮ ኅዳር ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነከሰ። ወሬውን ያመጣላት ሳምሶን ነው። ፍቅሩ መጥቶ አይቶ፣ «ዘንጉ አልቋል እማማ፤ ለመለዋወጫ ዕቃ ልውሰድልዎ» ብሏቸዋል። እማማም የእናታቸውን መኪና ለመስጠት ተስማምተው፣ ሲለቅሱ ነው የዋሉት። ዝናሽ ጠዋት ተነሳች። እየሩሳሌምን አዘለች፤ ፈትል፣ ላምባ፣ ዘይትና የተሳለ የሸምበቆ ስንጥር በዘንቢል ይዛ እማማ በር ላይ ቆመች።

እማማ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ምነው ልጄ?» አሉ። እንድትገባ ግን አላሏትም።

«አልነካውም እማማ። ጋሽ ወልደአረጋይ ይጠሩ፣ ፍቅሩም ይጠራ፣ ጎረቤቱም ይምጣ። በሰው ፊት ልክፈተው። ከውስጡ ኑግ ካልወጣ ከዚህ ሰፈር ዕቃዬን ጭኜ እወጣለሁ።»

«በጾም አትማይ!»

«አልማልኩም። እየነገርኩዎት ነው።»

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሴቶቹ መጡ። ፍቅሩ መጨረሻ ላይ መጣ፣ እየሳቀ። «እሺ፣ ሐኪሟ! ዛሬ ደግሞ ምን አገኘሽ፣ በርበሬ?»

ዝናሽ አልመለሰችለትም። ከጀርባ ያለችውን ክብ ክዳን ፈታች። ፈትሉን ላምባ አጠጥታ መሐለኛው ቦኮላ አፍ ላይ አስቀመጠች። በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠቀለለች፣ ቀዘቀዘ፣ ቀየረችው፣ እንደገና ቀየረችው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ትንሿን ጣቷንና ስንጥሩን አስገብታ ፋቀች። ቡናማ፣ ወፍራም፣ እንደ ዕጣን ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ወጣ። ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገችውና ለእማማ ሰጠች።

እማማ አመተ ማርያም አጠገባቸው የነበረውን የከሰል ካውያ ከፈት አድርገው ጨርቁን ሙቀቱ ላይ ያዙት። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

«ይኼማ የጓዳዬ ሽታ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼ ኑግ ነው።»

«ራሷ ናታ!» አለ ፍቅሩ። «እኔ አልኳችሁ አይደል? ራሷ ጨምራበት ራሷ አወጣችው!»

ዝናሽ ይህን አላሰበችውም። ኑጉ መኖሩን እንጂ የማን እጅ እንዳፈሰሰው ነሐሱ አይናገርም። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዝናሽ በጀርባዋ ያዘለቻት ልጅ ክብደት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማት።

እማማ ግን ካውያውን አስቀምጠው መሳቢያቸውን ከፈቱ። «ቆይ እስቲ። አንተ ራስህ እኮ ነህ የሰጠኸኝ። እሷ ልጇን ልታጠባ ከሄደች በኋላ። ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ጠብ ጠብ ያድርጉበት› ብለኸኝ፣ ዓመት ሙሉ ሳላጓድል ጠብ ሳደርግ አልነበር?» ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ፕላስተሩ ጠቁሯል፤ «የጾም» የሚለው የተንጋደደ ጽሑፍ ግን ይነበባል። ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ የጋለው ካውያ ላይ ጣሉ። መጀመሪያ ላምባው ጨስ ብሎ አፍንጫ ወጋ። ከዚያ የኑጉ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የጾም ቀን ጓዳ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

የአምናው ሳቅ የመረራትን ያህል የዛሬው ዝምታ ጣማት።

«ዘይት ዘይት ነው ብዬ እኮ ነው» አለ ፍቅሩ።

ዝናሽ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ቦኮላውን እስኪጠራ ጠረገች፣ በአዲስ ፈትል ሁለት ጠብታ የመኪና ዘይት አወረደች። ጎማውን ወደ ፊት ትንሽ፣ ወደ ኋላ ትንሽ እያለች አላወሰችው። አንዴ ተንቀጫቀጨ፤ ከዚያ ዞረ። እማማ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው ሲረግጡት የእናታቸው መኪና እንደ ድሮው ተንሾካሾከ። «ከመሬት የሚወጣ ዘይት ነው እማማ፤ የከብት ስብ የለበትም» አለቻቸው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀና ብለው ግን ሊያዩአት አልቻሉም።

ጋሽ ወልደአረጋይ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «በሉ እንግዲህ። ሰው ይሳሳታል። ጾምም ነው። ተነሡና ይቅር ተባባሉ።»

ፍቅሩ እጁን ዘረጋ። ዝናሽ እጁን አየችው፣ እጇን ግን አላነሳችም።

«ጋሼ፣ ስሜም የጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በጾም ዘይት። አንድ ቤት ውስጥ ብቻ ቢሆን እዚሁ እጨብጠው ነበር። አሥራ አንድ ቤት ነው የዞረው። አሥራ አንድ ቤት ይዙር።»

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ፊት...»

«ሽማግሌ ፊት ነው የምናገረው። በየደጁ ቆሞ ‹መኪናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ዝናሽ አይደለችም› ይበል። እኔ ከኋላው ሆኜ እሰማለሁ።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ሴቶቹን አዩ። አምና የሳቁት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። «ይዙር» አሉ በመጨረሻ።

ዞረ። የመጀመሪያው እዚያው እማማ ቤት ነው። ሁለተኛው ደጅ ላይ አንገቱን ሰብሮ አጉረመረመ። «አልተሰማም» አለች ዝናሽ ከኋላው፤ «አንተ አምና ድምፅህ እንዲህ አልነበረም።» አንተ መባሉ ከንግግሩ ሁሉ በላይ ወጋው፤ ዞሮ አያትና ደገመው። አምስተኛው ደጅ ላይ ዶሮ ስትበልት የነበረችው አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ቢላዋዋን እንደያዘች አዳምጣው፣ «አላህ ያያል» ብላ በሩን ዘጋችው። ሰባተኛው ደጅ ላይ ውሻ አባረረው፤ ዝናሽ ውሻው እስኪያዝ ቆማ ጠበቀችና፣ «ቀጥል» አለችው። ብርዱ ጉንጯን ይቆርጠዋል። እየሩሳሌም በጀርባዋ እንቅልፍ ወስዷታል። ዝናሽ ግን በየደጁ አንድ ነገር ከደረቷ ሲወልቅ ይሰማታል፤ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ እያጣጣመችው።

አሥራ አንደኛው ደጅ የአልታየች ነው። ፍቅሩ በተሰላቸ ድምፅ አረፍተ ነገሩን ጨረሰ። አልታየች ሳቀች፣ በሳቅ ዝናሽን ልታቅፍ ተንደረደረች።

«ኧረ ተወኝ እባክህ! እኔማ ድሮም አላመንኩትም። ዝናሽዬን እያወቅኋት?»

ዝናሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። «ድሮም አላመንሽም?»

«በጭራሽ!»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ መጋረጃ የምትስቢብኝ ለምን ነበር?»

አልታየች ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ፤ አንቺ ደግሞ...»

አሥሩ ደጆች የማያውቁ ነበሩ። ይቺ አውቃ ነው። ዝናሽ ይህንን ለመዋጥ ጥቂት ጊዜ ፈጀባት። ከዚያ ወደ ፍቅሩ ዞረች። «አንተ ጨርሰሃል፤ ሂድ።»

«እንግዲህ ይቅር አልሽኝ?»

«ጨርሰሃል ነው ያልኩት።»

ሄደ። አልታየች ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «እሺ አጥፍቻለሁ፤ ተይው እንግዲህ። ባይሆን ነይ እስቲ ግቢና መኪናዬን እይልኝ። የልጆቹ ዩኒፎርም ተቀዶ፣ መኪናው ከብዶብኛል።»

ዝናሽ ገባች። ጎማውን በአንድ ጣት አዞረችው። ሲጥ ሲጥ አለ። የፊተኛው ቦኮላ ነው፤ ገና አልነከሰም። ሁለት ጠብታና የአምስት ደቂቃ ሥራ። ዘይቱ በዘንቢሏ ውስጥ ነው።

«ማክሰኞ» አለች።

«ማክሰኞ? አሁን እኮ እዚሁ ነሽ!»

«ተራ ያዢ። ከፊትሽ አሥር ቤት አለ፤ ያላወቁት ይቀድማሉ።»

ቤቷ ገብታ እየሩሳሌምን ከጀርባዋ አወረደች፣ ምድጃውን አቀጣጠለች፣ አጥሚቱን ጣደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከግድግዳው ወዲያ የአልታየች መኪና መሥራት ጀመረ፤ ሲጥ ሲጥ፣ ሲጥ ሲጥ። ዝናሽ አጥሚቱን እያማሰለች ጆሮዋን ጣለች። እስከ ማክሰኞ አይነክስም፤ ድምፁን ታውቀዋለች። ይጩኽ።